የባህር ዳርን ሙቀትና ዝናብ ሚችል ቤት፦ ብሩን የት ላይ እናውለው?

ባህር ዳር ውስጥ ቤት ሊሰራ ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፣ ብሎኬት ነው ጭቃ? በማህበር ቦታ የደረሳቸው ሰዎች ሻይ ላይ ቁጭ ብለው ሲከራከሩ ብትሰሙ ክርክሩ በሙሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ተጨማሪ ክፍል ሊያሰራ የተሰበሰበ የወላጅ ኮሚቴም እንደዛው። ሳይት ላይ ሚውል ሰው ግን ሌላ ነገር ነው ሚያየው፣ ቤቱን ሚያቃጥለው ጣራው ነው፣ ሚያፈርሰው ደሞ ከስር ሚገባው ውሃና ሚንቀሳቀሰው አፈር ነው፣ ግድግዳው መሃል ላይ ቆሞ በሁለቱም ጥፋት ይወቀሳል። ስለዚህ ብር ሲያጥር (መቼም የተረፈው ሰው ይሄን አያነብም) ከግድግዳው ቀንሶ ጣራና መሰረት ላይ ማዋሉ ነው ሚያዋጣው፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከጸሃይ እንጀምር። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት፣ ስለዚህ ጸሃይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 12 አካባቢና ነሐሴ 16 አካባቢ፣ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች። የነሐሴውን ደመናው ይጋርድልናል፣ የሚያዝያው ግን ያው እንደምታውቁት ነው። ጸሃይ አናት ላይ ስትሆን ግድግዳውን እምብዛም አትነካውም፣ ሙሉውን ሚቀበለው ጣራው ነው፣ ጣራችን ደሞ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ማይሞላ ቆርቆሮ ነው። በጠራራ ጸሃይ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ የዛገ ወይም ጠቆር ያለ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደሞ ይብሳል፣ እና ቤት ውስጥ ያለውን አየር ብቻ አደለም ሚያሞቀው፣ ግለቱ ከቆርቆሮው ቀጥታ ቁልቁል ሰው ላይ ነው ሚያርፈው፣ ለዛ ነው ኮርኒስ የሌለው ቤት ውስጥ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶም አናታችሁን ሚያቃጥላችሁ።

"የድሮ ጭቃ ቤት እኮ ቀዝቃዛ ነበር" ሲባል እሰማለሁ፣ ግማሹ እውነት ነው። ትልቁን ስራ ይሰራ የነበረው የሳር ክዳኑ ነው። ሳር በመሃሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም፣ ያንኑ ጭቃ ቤት ሳሩን አንስታችሁ ቆርቆሮ ብትመቱበት ከሰዓት በኋላ ከብሎኬት ቤት ብዙም ማይለይ ሙቀት ታገኛላችሁ። ወደ ሳር እንመለስ እያልኩ አደለም፣ እሳት አለ፣ ሳሩ ራሱ ከየት ይመጣል፣ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፣ ከተማ ውስጥ ጣራ ለጣራ ተጠጋግቶ ደሞ ጭራሽ አይታሰብም። ግን ሳሩ ይሰራ የነበረውን ስራ ሌላ ነገር መስራት አለበት፣ እሱን ሳንተካ ነው ቆርቆሮ የመታነው።

ርካሹ መፍትሄ ኮርኒስ ነው፣ ማዳበሪያ ኮርኒስም ቢሆን። ሰው የማዳበሪያ ኮርኒስ ይንቃል ግን ከቆርቆሮው ቀጥታ ሚወርደውን ግለት ያግዳል፣ ችግሩ ምንድነው፣ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል ያለው አየር መውጫ ሲያጣ እዛው ይታመቅና ትንሽ ቆይቶ ኮርኒሱም ይግላል። ስለዚህ ከጣራው ስር በሁለቱም ጫፍ አየር መግቢያና መውጫ ተዉለት፣ የሌሊት ወፍና ወፍ እንዳይገባ ወንፊት ምቱበት፣ በቃ። አናጢው "ይሄ ለምንድነው?" ይላችኋል፣ በሚስማር ድርቅ አርጎ ሊዘጋውም ይፈልጋል፣ ቆማችሁ አሰሩት። ቀለም ሚቀባ ከሆነ ነጣ ያለ ይሁን፣ ጥቁር ግራጫና ቡናማ ኢጋ አሁን ፋሽን ሆኗል ግን ፋሽኑ ሚከፈለው በሙቀት ነው።

ይሄንን ነገር እስከ ጥጉ የወሰደው ፍራንሲስ ኬሬ ሚባለው የቡርኪና ፋሶ አርክቴክት ነው። በተወለደበት ጋንዶ ሚባል መንደር የሰራው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2001 አለቀ። ግድግዳው የሰፈሩ አፈር ትንሽ ሲሚንቶ ተጨምሮበት የተመታ ጡብ ነው፣ ኮርኒሱም ያው ጡብ ሆኖ በመሃሉ ክፍተት አለው፣ ቆርቆሮው ግን ኮርኒሱ ላይ አላረፈም፣ ከቀጭን ፌሮ በተበየደ ትረስ (ጣራውን ሚሸከም ማዕቀፍ) ላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር በኮርኒሱ ክፍተት ወደ ላይ ይወጣል፣ ነፋሱ ደሞ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሃል እያለፈ ይዞት ይሄዳል። ኤሌክትሪክ የለ ቬንትሌተር የለ። ድንጋይ ሚሸከመውም ወለል ሚደልቀውም የመንደሩ ሰው ነበር፣ እኛ ጋ ወንፈል ወይ ደቦ እንደምንለው። ስራው በ2004 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አገኘ፣ ሰውየው ራሱ ደሞ በ2022 ፕሪትዝከር ሚባለውን የአርክቴክቶች ትልቅ ሽልማት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ወሰደ።

ታዲያ እንዳለ ገልብጠን አምጥተን እንትከለው ማለት አደለም። ጋንዶ ዝናቡ ከኛ ያነሰ ነው፣ እኛ ጋ ግንቦት ላይ ክረምቱ ሊገባ ሲል ሚመጣው ወጀብ ከፍ ያለ ጣራ ካገኘ ከስር ገብቶ ሊያነሳው ይችላል፣ ስለዚህ ትረሱ ከላይኛው ቢም ጋር በደንብ መታሰር አለበት፣ ቆርቆሮውም በተራ ሚስማር ሳይሆን በብሎን ወይ ጎማ ባለው ስክሩ ቢያዝ ነው ሚሻለው፣ ክፈፉም ነፋስ ያዘለ ዝናብ እንዳያስገባ ረዘም ማለት አለበት።

ትምህርት ቤት ላይ ጉዳዩ ከቤት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ልጆቹ ራሳቸው ሙቀት ናቸው። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ከ70 እስከ 100 ዋት ሙቀት ያወጣል፣ 50 ተማሪ አንድ ክፍል ውስጥ ስታስቀምጡ የኤሌክትሪክ ምጣድ ጥዳችሁ ክፍሉ ውስጥ እንደመተው ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ማይጠፋ ምጣድ። ላዩ ላይ ጣራውን ጨምሩበት። ሰኔ ላይ ደሞ ሙቀቱ ይቀርና ጩኸቱ ይመጣል፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ዶፍ ሲወርድ መምህሩ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፣ ሌላ ምርጫም የለው። አንድ ትምህርት ቤት አውቃለሁ ስሙን አልጠራም፣ የግንቡ ፊት በሚያምር ድንጋይ ተለብጦ ክፍሎቹ ውስጥ ኮርኒስ የለም፣ ብር አለቀ ነው መልሱ። ድንጋዩ ኮርኒሱን በላው ማለት ነው።

አቀማመጥ ብር አያስወጣም፣ ለዛ ይሆናል ማንም ማያስታውሰው። ረጅሙን ጎን ከምስራቅ ወደ ምዕራብ አዘርጉት፣ መስኮቶቹ ሰሜንና ደቡብ ይዩ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ምትመጣው የምዕራብ ጸሃይ አጭሩን ግድግዳ ብቻ ታግኝ፣ እዛ ጋ መስኮት ባይኖር ጥሩ ነው። ባህር ዳር ላይ ደሞ ሌላ ጸጋ አለን። ጣና ከከተማው በስተሰሜን ነው፣ ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቀድሞ ስለሚሞቅ አየሩ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፣ ማታ ተገልብጦ ከምድሩ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ሰሜንና ደቡብ ትይዩ መስኮት ያለው ክፍል ይሄን ነፋስ በነጻ ያገኛል፣ በአንድ በኩል ብቻ መስኮት ያለው ግን ነፋሱ በሩ ላይ ደርሶ ይመለስበታል ምክንያቱም መውጫ የለውማ። ወባና ትንኝ አለ ትላላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ መስኮቱን ከመዝጋት ወንፊት ማስገባት ነው፣ ማታ ማታ ቀዝቃዛውን አየር ማስገባት ካልቻላችሁ ቤቱ በበነጋው ገና ከጠዋቱ የሞቀ ሆኖ ነው ሚጀምረው።

የግድግዳ ውፍረትም እዚህ ጋ ይገባል። ከ30 ሳንቲም በላይ ውፍረት ያለው የአፈር ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ውስጥ ለማድረስ 8 ሰዓትና ከዛ በላይ ይፈጅበታል፣ ማለትም የእኩለ ቀኑ ሙቀት ውስጥ ሚደርሰው ምሽት ላይ ነው። ለትምህርት ቤት ይሄ ግሩም ነው፣ በዛ ሰዓት ልጆቹ ቤታቸው ናቸው። ለመኝታ ቤት ግን ተቃራኒው ነው፣ ምዕራብ ያለ ወፍራም ግድግዳ ልክ ልትተኙ ስትሉ መሞቅ ይጀምራል፣ ስለዚህ መኝታ ቤቱን ወደ ምስራቅ አርጉት፣ ምዕራቡ ላይ ማድ ቤትና እቃ ቤት ይሁን።

አሁን ወደ ውሃው። ባህር ዳር በዓመት ወደ 1400 ሚሊሜትር ዝናብ ታገኛለች፣ ከግማሽ በላዩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው ሚወርደው። አንድ ሚሊሜትር ማለት በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ነው፣ ስለዚህ 60 ካሬ ጣራ ላይ 10 ሚሊሜትር ሚሆን አንድ ዶፍ ሲዘንብ 600 ሊትር፣ ሶስት በርሜል ውሃ፣ በዛች ግማሽ ሰዓት ከክፈፉ ግድግዳው ስር ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ጠብታው መሬቱን መቶ ይፈናጠርና የግድግዳውን እግር ይበላዋል። ጭቃ ቤት ስታዩ ግድግዳው ላይ ወገቡ ድረስ ደህና ሆኖ ከስር ያለው ክንድ ሚያህል ብቻ ተፈርፍሮ ማገሩ ሚታየው ለዚህ ነው፣ እና እዛ ጋ እርጥበት ስላለ ምስጡ ሚገባውም በሱ በኩል ነው። ስለዚህ ጭቃ አይረባም ሲባል ጭቃው አደለም ያልረባው፣ እግሩ ነው። የመሰረቱን ድንጋይ ከመሬት በላይ ግማሽ ሜትር ያህል አውጥታችሁ እንጨቱንና ጭቃውን ከዛ በላይ ብትጀምሩ፣ ክፈፉን 80 ሳንቲም አካባቢ ብታስረዝሙ፣ አሸንዳ ብታረጉለት የቤቱ እድሜ በጣም ይረዝማል። ፎገራና ደምቢያ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ ወንዞች ክረምት ላይ ሚያደርጉትን እናንተው ታውቃላችሁ፣ እዛ ወለሉ ራሱ ከጎርፉ በላይ ከፍ ማለት አለበት።

የረዘመ ክፈፍን ጥቅም ማየት ሚፈልግ ዘጌ ሄዶ ዑራ ኪዳነ ምህረትን ይይ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን በሶስት ቀለበት ነው የተሰራው፣ ስዕሎቹ ያሉት መሃል መቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፣ ዙሪያውን ሚዞረው ቅኔ ማህሌትና ሰፊው ጣራ ዝናቡንም ጸሃዩንም ከሱ ያርቁታል። ዛሬ ቤት ስንሰራ በረንዳን እንደ ቅንጦት ነው ምናየው፣ ካሬ ይበላል እያልን።

ከዝናቡ ሚብሰው ግን ጥቁሩ አፈር ነው። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ይሰበሰብና እግር ሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ይሄ በየዓመቱ ነው። ላዩ ላይ ያለ ቤት በየዓመቱ ይነሳል ይወርዳል፣ እኩል ቢነሳ ችግር አልነበረውም፣ ግን ክፈፉ ስር እርጥብ ሆኖ መሃሉ ደረቅ ስለሚሆን አንዱ ጥግ ብቻውን ይነሳል። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ ወደ ላይ ሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እና ይሄ ብሎኬት ጭቃ አይልም፣ እንደውም ብሎኬት ደረቅ ስለሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ ጭቃና ማገር ትንሽ ይተጣጠፋል። ዋልካ ላይ ከሆናችሁ ከግድግዳው ስር እስከ ጠንካራው ድረስ ቆፍሮ ማውጣትና በገረጋንቲ ወይ በሰሌክት እየደለደሉ መሙላት፣ ላዩ ላይ ግሬድ ቢም (ግድግዳውን ከስር ሚይዝ በፌሮ የታሰረ ኮንክሪት) ማሰር፣ ዙሪያውን ደሞ 1 ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያዘነበለ ንጣፍ ማረግ፣ ውሃ ከቤቱ እግር እንዲርቅ። ባህር ዛፍ ግድግዳ አጠገብ አትትከሉ፣ ስሩ አፈሩን ያደርቀዋል፣ በዛ በኩል ቤቱ ይሰምጣል። እዚህ ላይ ነው ብር ሚፈሰው እና ሰው እዚህ ላይ ነው ሚቆጥበው፣ ምክንያቱም ተቀብሮ ስለሚቀር ማንም አያየውም።

እሺ፣ ጣራና መሰረት ላይ ይሄን ሁሉ ካወጣን ግድግዳው በምን ይሰራ? አንዱ የተሻሻለው ጭቃ ነው፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ቀናት ተቦክቶ የከረመ፣ እሱን ማንም አይንገራችሁ፣ ታውቁታላችሁ። ሁለተኛው አፈር ከትንሽ ሲሚንቶ ጋር እርጥበት ተሰጥቶት በማሽን ተጨምቆ ሚወጣ ብሎክ ነው፣ አይተኮስም፣ እንጨት አይነድበትም። ሲንቫ ራም ሚባለው በእጅ ሚጫን ማሽን ኮሎምቢያ ውስጥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ነው የተሰራው፣ ዛሬ ከዛ የተወለዱ ብዙ አይነቶች አሉ፣ እርስ በርስ ሚገጣጠም ብሎክ ሚያወጡም አሉ፣ እነሱ ብሎኩን ሚያያይዘውን የሞልታ ሲሚንቶም ይቀንሳሉ። ሲሚንቶው ከአፈሩ ክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። 7 ኪሎ ሚመዝን ብሎክ በ7 በመቶ ብታሰሉት ግማሽ ኪሎ ገደማ ይወስዳል፣ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ 200 ብሎክ ያወጣል ማለት ነው። ሲሚንቶ አንዴ ጠፍቶ አንዴ ተሰቅሎ በሚያስጨንቅበት አገር ይሄ ቀላል ሂሳብ አደለም። ለአየር ንብረቱም እንደዛው፣ ዓለም ላይ ሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከ7 እስከ 8 በመቶ ሚሆነው የሲሚንቶ ነው፣ ሚበዛው ደሞ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ ሲቃጠል ሚወጣ ነው።

ግን ሁሉም አፈር አይሆንም። ሙከራው ቤት ውስጥ ይሰራል፣ ግልጽ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ሲሶውን አፈር አርጉበት (የላይኛውን ስር ያለበትን አፈር ትታችሁ ከስር ቆፍራችሁ)፣ ውሃ ሙሉት፣ ቁንጥር ጨው ጨምሩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ በደንብ ነቅንቁትና ማይነካ ቦታ አስቀምጡት። አሸዋው ወዲያው ይረጋል፣ ደቃቁ ቀስ ብሎ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሸክላው ውሃውን አደፍርሶ ያድርና በበነጋው ከላይ ቀጭን ንጣፍ ሆኖ ታዩታላችሁ። አሸዋው ከግማሽ በላይ፣ ሸክላው ከ15 እስከ 25 በመቶ አካባቢ ከሆነ ለብሎክ ይሆናል። ሸክላው ከበዛ አሸዋ ይጨመርበታል፣ ዋልካ ከሆነ ግን ተዉት፣ በሲሚንቶ አይገራም። እርጥበቱን ለማወቅ ደሞ አንድ እፍኝ ጨምቃችሁ ኳስ አርጉና ከደረታችሁ ቁመት ልቀቁት፣ ሶስት አራት ቦታ ከተሰበረ ልክ ነው፣ ከተለጠጠ ውሃ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል። ብሎኩ ከወጣ በኋላ ጥላ ስር በላስቲክ ተሸፍኖ ቢያንስ ሳምንት እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፣ ሙሉ ጥንካሬውን ሚያገኘው በ28 ቀን ነው። ጸሃይ ላይ በሁለት ቀን አድርቆ ሚሸጥላችሁ ካለ ትታችሁ ሂዱ።

የጭቃ ግድግዳ ላይ የሲሚንቶ ልስን አትለስኑ። ይሄን በደማቁ አስምሩበት። ሲሚንቶው ደረቅ ነው፣ ጭቃው በእርጥበት ይነፋል ይኮማተራል፣ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ልስኑ እንደ ሰሌዳ ሆኖ ይላቀቃል፣ እስከዛው ደሞ በስንጥቁ የገባውን ውሃ ዘግቶ ይይዝና ውስጡን ያበሰብሰዋል። ኖራ ነው ሚስማማው፣ ይተነፍሳል። ጎንደር የፋሲል ግንብም ሆነ ጢስ አባይ ጋ ያለው የድሮው የድንጋይ ድልድይ የዛሬው ሲሚንቶ ሳይፈጠር በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በኖራ ነው የተገነቡት።

ቀርከሃ ደሞ እንጅባራ አፍንጫችን ስር ነው፣ ግን እኛ ወንበርና አልጋ ላይ አስቀርተነዋል። ባንግላዴሽ ሩድራፑር ሚባል መንደር ውስጥ አና ሄሪንገር ሚሏት አርክቴክት ታችኛውን ፎቅ በጭቃ፣ ላይኛውን በቀርከሃ አርጋ ትምህርት ቤት አሰርታለች፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2007 እሷም የአጋ ካኑን ሽልማት ወስዳለች፣ አገሩ ደሞ ዝናብ በዝናብ ነው። ቀርከሃ ሚበላሸው ውስጡ ባለው ስታርች ምክንያት ነቀዝ ስለሚወደው ነው፣ ሶስት ዓመት ያልሞላውን አለመቁረጥ፣ በበጋ መቁረጥ፣ ቦራክስ (ነቀዝ ሚከላከል ጨው) በተበጠበጠበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ ከመሬት ከፍ አርጎ ማቆም፣ እሱን ካረጋችሁ ለኮርኒስና ለጣራ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በአፈር ብሎክ ወይ በጭቃ ልስራ ስትሉ ማዘጋጃ ቤት ፕላኑን እንዴት እንደሚያይላችሁ፣ ባንክም ለብድር ማስያዣ ይቀበለው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው ብሎኬት ሚመርጠው ለቅዝቃዜው ብሎ ሳይሆን ለዚህ ነው፣ አልፈርድበትም። ቢያንስ ግን በብሎኬትም ብትሰሩ ጣራውና መሰረቱ ላይ ያልኩት አይቀየርም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ መሰረቱን ጥቅምትና ህዳር ላይ መሬቱ ሲጠነክር ቆፍሩ፣ ብሎኩን እስከ የካቲት አምርታችሁ ጨርሱ፣ ጣራው ግንቦት ሳያልቅ ይመታ። ከኮንትራክተሩ ጋር ስትፈራረሙ ደሞ የመጨረሻው ክፍያ አንድ ከባድ ዝናብ ከዘነበበት በኋላ እንዲሆን አርጉት፣ ዝናቡ እየወረደ ጃንጥላ ይዛችሁ ቤቱን ዙሩት፣ ውሃው የት እንደሚቆም፣ አሸንዳው የት ጋ እንደሚያፈስ፣ ፍንጥቅጣቂው ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደደረሰ እዩና ምልክት አርጉበት፣ እሱ ሳይስተካከል ብሩን አትልቀቁ።